ከዝርዝሩ የጠፋችው ጽናት

ተሾመ መዝገብ ቤት ከገባ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በፋይል በተሞሉ መደርደሪያዎች መካከል ተቀምጦ ጸጉሩን አሽብቷል። አለቆች መጥተው ሄደዋል፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም አራት ጊዜ ተቀይሯል፣ ተሾመ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ስም ከነገሩት ከወንበሩ ሳይነሳ ጣቱን ይቀስርና «ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግራ በኩል» ይላል። ሄደው ሲያዩት ፋይሉ እዚያው ነው። ሙያ በልብ ነው ይባላል፣ የእሱ ግን በአፍም ነበር። ሻይ በተጠጣ ቁጥር «ፋይል በቦታው ከሌለ የለም ማለት ነው» ይላል። በዚህች አነጋገር ስንቱን ባለጉዳይ እንዳሰናበተባት እሱ ራሱ አይቆጥረውም።

ቤቱ ሰበታ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ሰበታ ለተሾመ ማደሪያው እንጂ ከተማው አይደለችም። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የነበሩባት የኪራይ ቤት አልቀመስ ስትላቸው ነው፣ የዛሬ ሰባት ዓመት ሚስቱን ማሪቱንና ያኔ ሁለተኛ ክፍል የምትገባውን አንድ ልጁን ጽናትን ይዞ የመጣው። ከዚያ ወዲህ ሳይነጋ ይወጣል፣ አየር ጤና ላይ ታክሲ ሲጋፋ ያመሻል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ማሪቱ የጫንጮ ልጅ ስለሆነች ኦሮምኛዋ እንደ አማርኛዋ ነው፣ ስለዚህ ከደጃፍ ውጭ ያለው ሁሉ የእሷ ሆኖ ቀረ። ዕድሩ የእሷ፣ ቀበሌው የእሷ፣ የልጅቷ ትምህርት ቤትም የእሷ። ተሾመ ከኦሮምኛ የሚያውቀው «አካም ጂርታ» እና «ገለቶማ» ነው። በሁለቱ ሰላምታ ሰጥቶና አመስግኖ እየኖረ ስለሆነ ሦስተኛ ቃል ያስፈልገኛል ብሎ አያውቅም። ልጁ የምትማርበትን ግቢ በር ከታክሲ መስኮት አይቶታል እንጂ አልረገጠውም። የወላጆች ስብሰባ ሁልጊዜ የሥራ ቀን ላይ ይውላል፣ ቅዳሜ የዋለ ጊዜም ተሾመ ደክሞታል።

ልጁን አይወድም የሚል ካለ ግን ተሳስቷል። ይወዳታል፣ እንዲያውም ይፈራላታል። ጽናት የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ከተፈተነች ወዲህ እንቅልፉ ተዛብቷል። ይህንን ያመጣበት የራሱ ነገር ነው። በልጅነቱ ማትሪክ የወደቀ ጊዜ፣ ውጤቱን ከሰሌዳ ላይ ያነበበለት አጎቱ ነበር፣ በዚያ ላይ ጮክ ብሎ፣ ሰው መሀል። የሳቁት ልጆች መልክ ዛሬም አልጠፋውም። ስለዚህ ለራሱ ቃል ገብቷል፦ የጽናትን ውጤት ከማንም በፊት እኔ አየዋለሁ፣ ክፉም ከሆነ ቤቷ ውስጥ፣ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።

ከሐሙስ ጀምሮ ሰፈሩ ታምሷል። አንዱ ወጥቷል ሲል ሌላው ገና ነው ይላል። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀው የአምና ነው ተባለ። ማለፊያው ከፍ ብሏል የሚል ወሬ ዓርብ ጠዋት መጣ፣ ከሰዓት ደግሞ ዝቅ ብሏል የሚል ተከተለው። «ሦስት ሰዓት ላይ ይለቀቃል» ሲባል የሐበሻ ሦስት ይሁን የፈረንጅ ሦስት የሚያውቅ ጠፋ፣ ስለዚህ ሰው ሁለቱንም ጠበቀ። ስማርት ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ዋለ፣ ገጹ ግን አልከፍትም አለ። የተሾመ ስልክ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው። ቤት ውስጥ ያለችው አንዷ ስማርት ስልክ የማሪቱ ናት፣ ማሪቱ ደግሞ እናቷ ታመውባት ረቡዕ ዕለት ጫንጮ ሄዳለች፣ በተደወለላት ቁጥር አትገኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ዝርዝሩ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ የሚል ወሬ ደረሰ። ጽናት ጫማዋን ልታጠልቅ ብድግ ስትል ተሾመ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። ዝናብ ነው፣ ቦሎቄውም እሳት ላይ ነው፣ አንቺ ቤት ሁኚ፣ እኔ አየዋለሁ አላት። ልጅቷ ተከራከረች፣ አልሰማትም። መጨረሻ ላይ የመፈተኛ ካርዷን ከመጽሐፍ መሀል አውጥታ ቁጥሬን ያዘው አለችው። ተሾመ ሳቀ። ቁጥር ስም ለማያውቅ ሰው ነው፣ እኔ ስም ፈልጌ የማጣ ሰው ነኝ ወይ ብሎ ካርዱን ሳያየው ጃንጥላውን አንስቶ ወጣ።

ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ወላጅና ልጅ ተደበላልቆ ይጋፋል። ግድግዳው ላይ አምስት ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል፣ ስሙ ሁሉ በላቲን ፊደል ነው። ተሾመ አንድ ጊዜ አየት አደረገውና ልቡ ሞላ። በፊደል ተራ ነው፣ ከኤ ይጀምራል፣ የእሱ ዓለም ነው። ሰዉ ግን ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ስም በጣቱ እየለቀመ ጊዜውን ይፈጃል። ተሾመ ይህን አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። ጃንጥላውን አጥፎ ግድግዳው ጋ ቆመና ተራ ያዙ፣ ስም ንገሩኝ አለ።

ጎረቤቱ መኪያ፣ ልብስ ሱቅ ያላት ሴትዮ፣ የልጇን የሚንሃን ስም ነገረችው። ወዲያው አገኘላት። መነጽራቸውን ቤት ረስተው የመጡት ኦቦ ዲሪባ «ኦዳ» አሉት፣ የልጃቸውን ውጤት ከነነጥቡ አነበበላቸው። ከዚያ ቢታንያ፣ ከዚያ መልከጼዴቅ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሰዉ እየመረቀው፣ አንዳንዱም እንባውን እየጠረገ ይሄዳል። ተሾመ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም፣ ደስ አለው፣ ረዘም ላለ ጊዜም ቆየበት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ወረፋው ሳሳ ሲል የራሱን ሊያይ ዞረ። ቲ የሚጀምረው አራተኛው ወረቀት ላይ ነው። ታሪኩ አለ፣ ተሰማ አለ፣ ቶለሳ አለ፣ ቶልቱ አለች። ቲ እና ኤስ ተያይዘው የሚመጡት ከዚህ ቀጥሎ ነው፣ ጽናት እዚህ መሆን አለባት። ከቶልቱ ቀጥሎ ቱሉ መጣ። ተሾመ ዓይኑን ጠረገና እንደገና አነበበ። ቶልቱ፣ ቱሉ። በሁለቱ መካከል ምላጭ የሚያስገባ ቦታ እንኳ የለም። ምናልባት ጽሑፉን የተየበው ሰው ቲዋን ዘሏት ይሆናል ብሎ ኤስ ውስጥ ፈለገ፣ የለችም። ተመልሶ ቲ ላይ ቆመ፣ የለችም። ሌላ ፊደል ውስጥ መፈለግ በአሳቡም አልመጣለት።

መኪያ ፊቱ መለዋወጡን አይታ ጠየቀችው። ስሟ የለም አላት። ይህች ቃል በረንዳው ላይ እንደወደቀች ሰው ሁሉ ዐዋቂ ሆነ። አንዱ አባት የወደቁት ጭራሽ አይለጠፉም አለ። መኪያ ይህን ሰምታ ተቆጣች፣ የእሷ ሚንሃ ወድቃ ተለጥፋለች፣ ስለዚህ ውሸት ነው። ኦቦ ዲሪባ ተሾመን ትከሻውን መታ መታ አድርገው እንዳያዝን ነገሩት፣ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት አዳሪ ትምህርት ቤት ስለሚላኩ ለብቻ ይጻፋሉ ሲባል ሰምተዋል። ተሾመ ለሁለት ደቂቃ ያህል የአዳሪ ትምህርት ቤት አባት ሆነ፣ ምን ዓይነት ሻንጣ እንደሚገዛላትም ማሰብ ጀምሮ ነበር። ወዲያው ከኋላ አንዲት ሴት የኮረጀች ልጅ ስሟ ይሰረዛል አለች። ሌላዋ ደግሞ በለሆሳስ፣ ለአጠገቧ ሰው ብቻ የምትናገር መስሏት፣ «ያልተፈተነ ልጅ ስሙ ከየት ይመጣል» አለች።

ተሾመ ሁሉንም አመነ። ዕንቆቅልሹም ይሄው ነበር፣ ሁሉም እውነት ይመስላል፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይጋጫል። ጥበቃውን መምህራን የት አሉ ብሎ ጠየቀው። ለጥፈው ሄደዋል፣ ሰኞ ነው የሚገኙት አለው። ማሪቱ ጋ ደወለ፣ አትገኝም። እንደገና ደወለ፣ አትገኝም። ዝናቡ ሲበረታ ጃንጥላውን ሳይዘረጋ ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።

በመንገድ ላይ የመጨረሻዋ ሴትዮ ቃል ብቻ ከሌሎቹ ተለይታ አብራው ተጓዘች። ያልተፈተነ ልጅ። እውነት ለመናገር ጽናት ወደ ፈተና ስትሄድ በዓይኑ አላያትም፣ እሱ ሲወጣ እሷ ተኝታ ነበር። ስትመለስም አላያትም። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለው፣ ትዝ ሲለውም ባለበት ቆመ። በፈተናው በሁለተኛው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ለሆነ ጉዳይ ማሪቱ ጋ ደውሎ ነበር፣ ስልኩን ያነሳችው ጽናት ናት። እማዬ ሱቅ ሄዳለች፣ ስልኳን ቤት ትታው ነው አለችው። ፈተና ላይ መሆን ያለባት ልጅ በቀን በብርሃን ቤት ተቀምጣ ስልክ ታነሳለች። ያኔ እንዴት አልጠየቅኋትም ብሎ ራሱን ረገመ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሌላው ተከታትሎ መጣ፣ ሰሞኑን መሳቋ፣ ውጤት ሲነሳ ወሬ መቀየሯ፣ ዛሬ ጠዋትም እኔ ልሂድ ብላ መሞገቷ። ለምን እኔ ልሂድ አለች? እንዳላውቅባት ነዋ። የጨነቀው ሰው ማስረጃ አያጣም፣ ተሾመ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ፋይሉ ሞልቶ ተዘግቶ ነበር።

ጽናት በሩን ስትከፍት ከፊቱ ላይ ልታነበው ሞከረች። ተሾመ እርጥብ ኮቱን እንኳ አላወለቀም። ከፈተናው ወዲህ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ ሲል የኖረው ቃል ከየት እንደተነነ እንጃ።

«ፈተናውን አልተቀመጥሽም» አላት።

ልጅቷ የሚቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ፈገግታዋ ባሰበት። ስምሽ የለም አላት፣ ስም ፈልጌ አጥቼ አላውቅም አላት፣ የፈተናው ቀን ቤት ቁጭ ብለሽ ስልክ ስታነሺ ይዤሻለሁ፣ እኔንና እናትሽን ስታሞኚን ከርመሻል አላት። ድምፁ ጎረቤት እንደሚሰማ ያውቃል፣ ሊቀንሰው ግን አልቻለም። በመጨረሻም አንዲት ነገር ጨመረ፣ እሷን ባይጨምር ኖሮ የቀረው ሁሉ በኋላ በይቅርታ ይታጠብ ነበር።

«ካሁን በኋላ አንቺን አላምንም።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ጽናት የቦሎቄውን ማማሰያ እንደያዘች ቆመች። አላለቀሰችም። የተሳደበበት ቋንቋ የማታውቀው ይመስል አባቷን ትክ ብላ አየችው።

«ፈተናው እኮ እስከ ስድስት ሰዓት ነበር» አለችው ቆይታ። «ልጁ ሁሉ በስድስት ሰዓት ወጥቶ ቤቱ ገብቷል።»

ተሾመ ይህን አያውቅም ነበር። ጽናት ማማሰያውን አስቀመጠችና የት ፈለግኸው ብላ ጠየቀችው። በቦታው ነዋ፣ በቲ አላት፣ ድምፁ አሁን ግማሹ ወርዷል። ልጅቷ ወደ ውስጥ ገባችና ጠዋት አልይዝም ያላትን ካርድ ይዛ መጣች። እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

ተሾመ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አነበበው። Xinaat Tashoomaa። እንደገና አነበበው። የባሰ ግራ ተጋባ፣ በእሱ መደርደሪያ ላይ በኤክስ የሚጀምር ፋይል ኖሮ አያውቅም። የሌላ ልጅ ካርድ በስህተት ሰጥተዋት ይሆናል ብሎ አሰበ።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አላት።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ከስሙ ጎን ጉርድ ፎቶ አለ። ጽናት ናት፣ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስይዛ። ተሾመ ፎቶውን አይቶ እሷን አያት፣ እሷን አይቶ ፎቶውን አየ። በቁቤ፣ ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ጸ በኤክስ ነው የሚጻፈው ብላ አስረዳችው፣ ልክ ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዱት፣ ሳትቸኩል። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጽፈው። ደብተሮቿ ላይ እንዲህ ነው፣ ካርዶቿ ላይ እንዲህ ነው፣ እማዬ በየሴሚስተሩ የምትፈርመው እንዲህ ከተጻፈው ሥር ነው። ሰባት ዓመት። ሰበታ ውስጥ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ታፔላ ላይ ያች ኤክስ ስንት ጊዜ እንዳለፈችው ተሾመ አሁን አሰበ፣ እያያት አንብቧት አያውቅም።

እሳቱን አጥፍተው ወጡ። ጽናት ከፊት ከፊት ሄደች፣ ተሾመ ጃንጥላውን ሊያጋራት ቢፈጥንም አልደረሰባትም። በረንዳው ላይ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ልጅቷ አራተኛውን ወረቀት ቀና ብላም ሳታየው አልፋ አምስተኛው ጋ ቆመች። በደብሊው ከሚጀምሩት ስሞች ቀጥሎ፣ ከዋይ በላይ፣ ብቻዋን ተቀምጣለች። አማካይ ውጤቷ ዘጠና አንድ ነጥብ ሁለት።

ኦቦ ዲሪባ ቁጥሩን ሰምተው «ዳርቢቴ!» አሉ፣ አለፈች ማለታቸው ነው፣ ተሾመንም እጁን ጨብጠው «ባጋ ጋማዳን»፣ እንኳን ደስ አለህ አሉት። የወደቀች ልጇን እያባበለች ጥግ ላይ ቆማ የነበረችው መኪያ ሳትቀር መጥታ ጽናትን ሳመቻት። የተሾመ ደስታው እውነት ነበር፣ እፍረቱም እውነት ነበር። እንኳን ደስ አለህ በተባለ ቁጥር፣ ለምኑ ነው የምደሰተው፣ እኔ ምን አደረግሁ ይላል ውስጡ።

ሲመለሱ ይቅርታ ጠየቃት። እሺ አለችው። እሺታው ከእንቢታ አይሻልም ነበር። ጥቂት እንደሄዱ ግን ቆም አለች።

«አባዬ፣ ስታጣኝ ሌላ ቦታ አትፈልገኝም ነበር?»

ተሾመ መልስ ፈለገ። ስለ ፊደል ተራ ሊያስረዳት ነበር፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ልማዱ። ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። ጃንጥላውን በእሷ በኩል አዘንብሎ አጠገቧ ሄደ።

ሰኞ ዕለት ለአለቃው ደውሎ ፈቃድ ወሰደ። ሃያ ስድስት ዓመት ለቀብርና ለሕመም ካልሆነ ፈቃድ ጠይቆ ስለማያውቅ አለቃው ማን ሞቶብህ ነው አለው። ካርድ የሚሰጥበት ቀን ነው፣ ወላጅ መፈረም አለበት። ከጽናት ጋር አብሮ ገባ፣ የዚያን ግቢ መማሪያ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጠ። የክፍሏ ኃላፊ መምህርት ብርቅዬ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች። ጽናትን ስታይ ተነስታ አቀፈቻት፣ ከዚያ ከኋላዋ የቆመውን ሰውዬ አየችና እናቷ ዛሬ አልመጡም ወይ አለች። አባቷ ነኝ አላት። መምህርቷ መልሳ ወደ ልጅቷ ዞረች።

«አባ ኬቲ?» አለቻት። ያንቺ አባት ነው ወይ ማለቷ ነው።

ተሾመ ቃሉን ባያውቀውም ጥያቄው ገባው። ጽናት መጀመሪያ ዞር ብላ አባቷን አየችው። ለተሾመ ያች አፍታ የዝርዝሩን አምስት ወረቀት ያህል ረዘመችበት።

«ኤ» አለች ጽናት፣ አዎ።

መምህርቷ ሰፊ መዝገብ ገልብጣ ሰጠችው። በዚህ በኩል የተማሪዋን ስም ይጻፉ፣ በዚያ ይፈርሙ አለችው። ተሾመ ብዕር አነሳ፣ መዝገብ ማለት ለእሱ ምንም አይደለም። ኤክስ ጻፈ። አይ ጻፈ። ኤን ጻፈና እጁ ቆመ። ካርዱ ላይ ያየው ኤ አንድ ነበር ወይስ ሁለት? ቅዳሜና እሑድ ያን ካርድ ደጋግሞ አይቶታል፣ አሁን ግን ሁሉም ተደበላለቀበት። ከኋላው ሌሎች ወላጆች ተራ ይጠብቃሉ። ገምቶ መጻፍ ይችል ነበር፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ቢሆን አድርጎት ያልፍ ነበር። ብዕሩን ከወረቀቱ ሳያነሳ ወደ ልጁ ቀና አለ።

«ስንት ኤ ነው?» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማው።

ጽናት ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች። «ሁለት» አለችውና ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ አድርጋ አሳየችው። እሱም እዚያው ላይ ሁለቱንም ጻፈ።